ወራጅ አለ! ግን መርከብ ላይ

ከግሪክ ከመጣሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ ፒያሳ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፣ "ሳንቶሪኒ ሄድክ?" አልሄድኩም። ያ ነጭ ቤት ሰማያዊ ጉልላት ምናምን ያለበት፣ ሙሽሮች ፎቶ የሚነሱበት፣ በቃ እሱ ጋ አልደረስኩም። የሄድኩት ቲኖስና ናክሶስ ነው፣ ልሄድ ብዬ ሻንጣዬን ዘግቼ ያልሄድኩት ደግሞ ፍጥሞ ነው (እመጣበታለሁ)። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከደሴቶቹ ሁሉ በላይ ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው መርከቡ ነው፣ አሁን ራሱ አራት ኪሎ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ትዝ የሚለኝ እሱ ነው፣ ስለዚህ ስለ መርከቡ ልጻፍ።

ነገሩ የጀመረው በስለት ነው። እናቴ አምና ክፉኛ ታማብን ነበር። አክስቴ፣ እኛ ቤት እቴቴ ነው የምንላት፣ አቴንስ ኪፕሴሊ የሚባል ሰፈር መኖር ከጀመረች 30 ዓመት አልፏታል፣ መጀመሪያ ሰው ቤት ስትሠራ ኋላ ደግሞ አሮጊት ስታስታምም፣ እና እህቷ መታመሟን ስትሰማ ለቲኖስ ማርያም ተሳለች። እህቴን ማሪልኝና እሷኑ ይዤ መጥቼ ሻማ አበራለሁ ብላ። እናቴ ዳነች፣ ግን እናቴ አውሮፕላን ላይ የምትወጣ ሴት አይደለችም፣ በጭራሽ፣ ስለዚህ "በእናትህ ፋንታ አንተ ትመጣለህ" ተባልኩ። የግብዣ ደብዳቤው፣ የባንክ ስቴትመንቱ፣ ኢንሹራንሱ፣ ቀጠሮው... የቪዛውን ነገር ተዉት፣ እሱ ለብቻው ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።

አንድ ደስ የሚል ነገር፣ በነሱ በጋ (የኛ ክረምት ማለት ነው) የግሪክ ሰዓት ከኛ ጋር እኩል ነው፣ ሰዓት ማስተካከል ምናምን የለም። ችግሩ እቴቴ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምታወራው። "መርከቡ ሰባት ተኩል ነው" ስትለኝ እኔ ምሳ በልተን የምንወጣ መስሎኝ ተዝናንቼ ተኛሁ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ብርድ ልብሱን ገፋ "ተነስ እንጂ አንተ!" ብላ ስትጮህብኝ ነው ትኬቱን ያየሁት፣ 07:30። ለካ የኛ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ከቪክቶሪያ ጣቢያ አረንጓዴውን የሜትሮ መስመር ይዘን ፒሬየስ ወደብ ወረድን። ከኤርፖርት ቀጥታ የሚሄድ ሰው ደግሞ ከ2022 ወዲህ ሰማያዊው መስመር እዚያው ወደቡ ድረስ ይወስደዋል።

ፒሬየስን መርካቶ አውቶቡስ ተራ አድርጋችሁ አስቡት፣ አውቶቡሶቹ ግን ስምንት ፎቅ ናቸው። በሮቹ ኢ1፣ ኢ2 እየተባሉ ይቀጥላሉ፣ ወደቡ ደግሞ ሰፊ ነው፣ ኢ1 የሚነሳ ሰው ኢ7 ቆሞ ቢጠብቅ በቃ መርከቡ ሄዷል። የኛ ኢ7 ነበር፣ ከሜትሮው ፊት ለፊት፣ ድልድዩን ተሻግረህ ትወርዳለህ። ሰውም መኪናም የሚገባው በመርከቡ ኋላ በኩል ባለው ትልቅ በር ነው፣ በሩ ራሱ ወደ መሬት ተዘርግቶ መወጣጫ ይሆናል። አንደኛ ፎቅ ጋራዥ ነው፣ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፣ ሐብሐብ የጫነ አይሱዙ የሚያክል መኪና ወደኋላ እየገባ፣ ቢጫ ጃኬት የለበሰው ሰውዬ በፉጨትና በስድብ መሃል እየመራው። ግድግዳው ላይ የሻንጣ መደርደሪያ አለ፣ እያንዳንዱ ላይ የደሴት ስም ተለጥፎበታል፣ ሲሮስ፣ ቲኖስ፣ ሚኮኖስ። ታፔላ በሉት። ሻንጣህን በታፔላው አስቀምጠህ ባዶ እጅህን ወደ ላይ ትወጣለህ፣ ጠባቂ የለ ደረሰኝ የለ። እኔ አስሬ ዞር እያልኩ ሳይ እቴቴ "ኧረ ተወው፣ ማን ይወስድብሃል፣ ውስጡ ያለው ካልሲህ ነው" አለችኝ።

ርካሹ ትኬት ወንበር የለውም። ማለቴ ወንበር ሞልቷል፣ ግን የያዘ ያዘው ነው። እቴቴ የ30 ዓመት ልምዷን ያየሁት እዚህ ላይ ነው፣ ደረጃውን እንደ ወጣች ቀጥ ብላ ወደ ክፍቱ ፎቅ፣ ከነፋሱ በተቃራኒ ባለው ጎን፣ ጥላ ያለበት ጥግ፣ ነጠላዋን አወለቀችና አግዳሚው ላይ ዘረጋችው፣ አለቀ፣ ተያዘ። አጠገባችን የነበሩ የግሪክ አሮጊቶችም በፎጣ ተመሳሳይ ነገር ሲሠሩ ነበር፣ ተያዩና ተሳሳቁ። ሻይ ቤቱ በረዶ የገባበት ቡና ይሸጣል፣ ፍሬዶ ይሉታል፣ እኔ የጅማ ቡና ጠጥቼ ያደግኩ ሰው መጀመሪያ እንደ ስድብ ነው ያየሁት፣ በሦስተኛው ቀን ግን ያለሱ ዓይኔ አልገለጥ አለኝ፣ ይቅር በሉኝ።

ከፒያሳ የወጣ ሰው ነኝ፣ ያየሁት ትልቅ ውኃ ላንጋኖና ጣና ነው። ስለዚህ ባሕር ሲባል ዙሪያውን ምንም የማይታይበት፣ ሰማይና ውኃ ብቻ፣ እንደዚያ ጠብቄ ነበር። ኤጂያን የሚሉት የነሱ ባሕር እንደዚያ አይደለም። ሁልጊዜ የሆነ አቅጣጫ ላይ አንድ ደሴት አለ፣ አንዱ ሳይጠፋ ሌላው ብቅ ይላል፣ ደረቅ፣ ቡኒ፣ ዛፍ የሌለበት፣ ከታች ነጭ ነጠብጣብ የመሰለ ሰፈር። እነዚህን ደሴቶች ሲክላዲስ የሚሏቸው ዴሎስ የምትባለዋን ትንሽ ደሴት ዙሪያዋን ክብ ሠርተው ስለቆሙ ነው፣ ዴሎስ የአፖሎ የትውልድ ቦታ ናት ይላሉ፣ ዛሬ ፍርስራሽ ብቻ ናት፣ ጎብኚ ማደር አይፈቀድለትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የመጀመሪያው ፌርማታ ሲሮስ ነበር። ከላይ ሆኜ የጠርዙን ብረት ተደግፌ እያየሁ መርከቡ ወደቡ ውስጥ ገባ፣ ገባና ዝም ብሎ ዞረ፣ ያን የሚያክል ነገር ባለበት ላይ እንደ ሚኒባስ ተሽከረከረ። ከፊት የመልህቁ ሰንሰለት እየተንኳኳ ወረደ፣ ከዚያ ወደኋላ መጎተት ጀመረ፣ ውኃው ከሥሩ አረፋ ሆነ። በሩ መርከቡ ሳይቆም ነው መውረድ የሚጀምረው። አንድ ሰውዬ ጫፉ ላይ ቆሟል፣ ሬዲዮ በአንድ እጁ፣ ሌላውን እጁን ወደኋላ እያወዛወዘ፣ ና ና ና። መጀመሪያ ቀጭን ገመድ ተወረወረ፣ መሬት ያለው ሰውዬ ቀለበው፣ በቀጭኑ ገመድ ወፍራሙን ሳበና ብረቱ ላይ ጠለፈው። በሩ ሲሚንቶውን ሲነካ የሚያወጣው ድምፅ ጥርስ ያሳክካል። ከዚያ ሰዎቹ "ኤላ ኤላ! ፓሜ!" (ና ና! እንሂድ! ነው) እያሉ መጮህ፣ ጋሪ የምትገፋ እናት፣ ውሻ፣ ሞተር ሳይክል፣ የጭነት መኪና፣ ቄስ፣ ሁሉም በአንድ ላይ በአንድ በር ይወጣል፣ ከታች ደግሞ የሚገቡት መግቢያውን ዘግተው ቆመዋል። "መጀመሪያ የሚወርደው ይውረድ!" የሚል ተራ አስከባሪ ብቻ ነው የጎደለው። ሳላውቀው ከአፌ "ወራጅ አለ!" ወጣ፣ እቴቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፣ 30 ዓመት ስትሄድበት እንዲህ ብላ አስባው እንደማታውቅ ነገረችኝ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጨርሶ በሩን ገና እየሳበ ሄደ። አንድ ሰውዬ ሻንጣ እየጎተተ እየሮጠ መጥቶ ቀረ። የታወቀ ነገር ነው፣ ሁላችንም አንድ ቀን እሱን ሆነናል።

ቲኖስ ሲደርስ ግን ወራጆቹ እኛ ነን፣ ያ ሌላ ነገር ነው። ቀድመው በማስታወቂያ ይጠሩሃል፣ ጋራዡ ትወርዳለህ፣ ጨለማና ሙቀት፣ መሬቱ ይንቀጠቀጣል፣ በጭነት መኪኖች መሃል በመቶ የሚቆጠር ሰው ጸጥ ብሎ ቆሟል፣ በአብዛኛው ጥቁር የለበሱ ሴቶች፣ አንዳንዶቹ ቁመታቸውን የሚያክል ሻማ ተሸክመው። ከዚያ ከላይ ቀጭን የብርሃን መስመር ታየ፣ ሰፋ፣ ሰፋ፣ በሩ ወደቀ፣ ፀሐዩና ነፋሱ አንድ ላይ ፊትህን ይመታሃል። እቴቴ ነጠላዋ እንዳይበርባት በአንድ እጇ ጭንቅላቷ ላይ ይዛ ወረደች፣ እኔ በስልኬ እየቀረጽኩ። ይቺን ቪዲዮ ያዙልኝ።

የደረስነው ኦገስት 14 ነው፣ በማግስቱ የነሱ ፍልሰታ ነው። ቲኖስን ለማታውቁ ቁልቢን አስቡ። ሥዕለ አድኅኖዋ የተገኘችው በ1823 ነው፣ ፔላጊያ የምትባል መነኩሲት በራእይ አይታ ቦታውን ከጠቆመች በኋላ፣ ቤተክርስቲያኑ ኮረብታው ላይ ነው፣ ከወደቡ ቀጥ ያለ መንገድ ወደ ላይ ይወስዳል፣ በመንገዱ ጠርዝ ደግሞ ምንጣፍ ተነጥፏል። ለምን ቢባል ስለት ያለበት ሰው ከወደቡ ጀምሮ በጉልበቱ ነው የሚወጣው። እቴቴ ከቦርሳዋ አንድ ጥንድ የስፖንጅ የጉልበት መከላከያ አወጣች፣ ያረጀ፣ አንዱ በክር የተሰፋ። ወለል ስትፈገፍግ የምታስረው ነው። እኔ ዕድሜዋም ጉልበቷም አሳስቦኝ "እቴቴ፣ በእግርሽ ብትሄጂስ፣ ማርያም ታውቅልሻለች" ብላት "30 ዓመት ለሰው ወለል ተንበርክኬ ለሷ ያቅተኛል?" አለችኝ። ዝም አልኩ። ሻማውን ይዤ ከጎኗ እየሄድኩ፣ ውኃ እየሰጠኋት፣ አርፋ እየተነሳች፣ ደረሰች። ውስጥ ከጣሪያው የብር ስለት ተንጠልጥሏል፣ እግር፣ ሕፃን፣ ቤት፣ ከሁሉ በላይ ግን ትናንሽ የብር መርከቦች። መርከበኞች ናቸው የሰጡት። ማደሪያ አልነበረንም፣ እንደ ብዙ ሰው ግቢው ውስጥ ነው ያደርነው፣ ልክ እንደ ቁልቢ።

በማግስቱ ሥዕሏን ተሸክመው ወደ ወደቡ ሲወርዱ በሽተኞች መንገዱ ላይ ተደርድረው ይተኛሉ፣ በላያቸው እንድታልፍ። ወደቡ ላይ የባሕር ኃይል ሰልፍ አለ፣ የአበባ ጉንጉን ባሕሩ ውስጥ ይጣላል። ለምን ብዬ ብጠይቅ ታሪኩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት፣ ኦገስት 15 ቀን 1940፣ በዚሁ በዓል ጠዋት፣ ኤሊ የምትባለው የግሪክ የጦር መርከብ ለበዓሉ ብላ እዚሁ ወደብ መልህቅ ጥላ ቆማ ሳለ የጣልያን ሰርጓጅ መርከብ ቶርፒዶ ለቆ አሰጠማት። ጦርነት ሳይታወጅ! በዚያ ቀን እንግዲህ የኔ ሰፈር ራሷ በጣልያን እጅ ነበረች፣ ፒያሳ የሚለውን ስም የሰጧት እነሱ ናቸው። ይሄን ለአንድ ሽማግሌ በእቴቴ አስተርጓሚነት ነገርኩት፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሉኩሚ ከረሜላ ገዛልኝ።

የጾሙ ነገር ደግሞ። ለነሱ ኦገስት 15 ፍስክ ነው፣ ለኛ ገና ነሐሴ 9፣ ፍልሰታ ሊፈታ ሳምንት ይቀረዋል። ደሴቱ ሁሉ በግ ሲጠብስ እቴቴ በየምግብ ቤቱ "ኒስቲሲሞ?" እያለች ትጠይቃለች፣ የጾም ማለት ነው፣ እነሱም ትናንት ድረስ ሲጾሙ ስለነበር ቃሉን ያውቁታል፣ ግን ዛሬ? በእንዲህ ያለ ቀን? አስተናጋጁ በአዘኔታ ነው ያያት። ባቄላ በቲማቲም በላን። መርከቦቹ ላይ ደግሞ ሁሉም ነገር አይብ ያለበት ነው፣ ስለዚህ በፍልሰታ የምትሄዱ ዳቦ ቆሎ ያዙ፣ እኛን ያኖረን እሱ ነው።

ከቲኖስ ወደ ናክሶስ በፈጣኑ መርከብ ሄድን። የኔ ጥፋት ነው። ኦንላይን ሳይ ጊዜው በግማሽ ያነሰ፣ ዋጋው እጥፍ ሊሆን ምንም ያልቀረው፣ "አንዴ ነው የምንሄደው" ብዬ ገዛሁ። ፈጣኑ ክፍት ፎቅ የለውም፣ መስኮቱ አይከፈት፣ ወንበርህ ቁጥር አለው፣ ታስረህ ነው የምትሄደው። ነፋሱ ቀን ቀን እየጨመረ ነበር። ትልቁ መርከብ ማዕበሉን እየጫነው ያልፋል፣ ይሄኛው ግን ቀላል ስለሆነ በላዩ ይዘላል፣ ይዘላልና ይወድቃል፣ ሆድህ እዚያው እላይ ይቀራል። ሠራተኞቹ የወረቀት ከረጢት ሲያድሉ እኔ ኩራቴን ይዤ አልፈልግም አልኩ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ የእቴቴን ከረጢት ቀምቼ... በቃ ዝርዝሩን ተዉት። ፍሬዶው በሙሉ ወጣ። እሷ ምንም አልሆነችም፣ መዝሙረ ዳዊቷን እያነበበች ነበር፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብላ "አየህ፣ ፈጣን ትላለህ" አለች።

ናክሶስ ትልቅ ደሴት ናት፣ ከወደቡ ስትወጣ ግራህ ላይ አንድ ግዙፍ የእምነበረድ በር ብቻውን ቆሟል፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በስድስተኛው መቶ ዓመት ተጀምሮ ያላለቀ የአፖሎ ቤተ መቅደስ በር። ሌላው ሕንፃ የለም፣ በሩ ብቻ። ድንቿም የታወቀ ነው፣ ለጾመኛ ጥሩ አገር። ዋናው ዕቅድ ግን ከናክሶስ ፍጥሞ ነበር። አዎ ያችው ፍጥሞ፣ ዮሐንስ ራእዩን ያየባት፣ ዋሻው ዛሬም አለ፣ ከበላዩ ደግሞ በ1088 የተመሠረተ ገዳም። እኔ ሁሉም ደሴት ከሁሉም ጋር በመርከብ የተገናኘ መስሎኝ ነበር። አይደለም። መስመሮቹ በአብዛኛው ከፒሬየስ ተነስተው እንደ ጣት የተዘረጉ ናቸው፣ በአንዱ ጣት ላይ ያሉ ደሴቶች በቀላሉ ይገናኛሉ፣ ከአንዱ ጣት ወደሌላው ለመዝለል ግን መርከቡ በየቀኑ የለም፣ አንዳንዴም ወደ ፒሬየስ ተመልሶ መነሳት ይቀላል። ፍጥሞ ሌላ ጣት ላይ ናት። ያገኘናት አንዲት መርከብ በኦገስት 18 ነበረች።

በ18 ጠዋት ለእቴቴ ሜሴጅ ገባ፣ ተሰርዟል። ወጥቼ ሰማዩን አየሁ፣ ደመና የሚባል የለም፣ ፀሐይ ቦግ ብሏል። ማን ያምናል? ግን ይሄ ሜልቴሚ የሚሉት ነፋስ ነው፣ በጁላይና ኦገስት ከሰሜን የሚመጣ፣ ዝናብ የሌለው ደረቅ ነፋስ፣ በባልካን በኩል ያለው ከፍተኛ የአየር ግፊት ቱርክ በኩል ወዳለው ዝቅተኛ ግፊት ሲፈስ። ነፋሱን በቦፎር ነው የሚቆጥሩት፣ ከዜሮ እስከ 12፣ ሱቅ ያለው ሻጭ ሁሉ "ዛሬ ስንት ቦፎር ነው" ይባባላል እኛ የዶላር ምንዛሪ እንደምንጠያየቀው። 8 ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ወደብ ጠባቂዎቹ ያግዳሉ፣ ፈጣኖቹን ከዚያም በፊት። እኔ ትኬት ቢሮው ጋ ቆሜ ስነጫነጭ የእቴቴ ወዳጅ የሆነች አንዲት ባለሱቅ በጣቷ ወደ ባሕሩ ማዶ አሳየችኝ፣ ፓሮስ ደሴት ናት። በ2000 ሴፕቴምበር 26 ማታ፣ ኃይለኛ ነፋስ እያለ፣ ኤክስፕረስ ሳሚና የምትባል መርከብ እዚያ ፓሮስ አጠገብ አለት መትታ ሰጥማ ከ80 በላይ ሰው አልቋል። ከዚያ በኋላ አልተነጫነጭኩም።

የመርከቡ ብር ተመለሰልን፣ ሲሰርዙ ይመልሳሉ ወይ በሚቀጥለው ያሳፍራሉ። ፍጥሞ የያዝነው ማደሪያ ግን ሳንቲም አልመለሰም፣ ሰውዬው ስልኩንም አላነሳም፣ እግዜር ይስጠው። እቴቴ ወደቡ ላይ ተቀምጣ ቆይታ ቆይታ "ዮሐንስን በግድ ወሰዱት፣ እኛን ደግሞ በግድ አስቀሩን" አለች። እኔ ደግሞ ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ፣ ራእዩ መጨረሻ ላይ አዲሱ ምድር ሲመጣ ባሕር እንደማይኖር የተጻፈው፣ በቃ ደሴት ላይ ታግቶ በሜልቴሚ የተቀመጠ ሰው ነዋ የጻፈው። እኛማ ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ ደርሰንበታል ብላት ተቆጣችኝ፣ በመጽሐፍ አይቀለድም።

ሁለት ቀን ቆየን። እገዳው ሲነሳ በመጀመሪያው ትልቅ መርከብ ወደ ፒሬየስ፣ ከአምስት ሰዓት በላይ፣ ሁለት ቀን የታገተ ሕዝብ በሙሉ ተጭኖ፣ ደረጃው ላይ ሳይቀር ሰው ተኝቷል። ጠጋ ጠጋ በሉ ነው። ጥጋችንን ያገኘነው አንዲት ጥቁር የለበሱ አሮጊት እቴቴን ከቲኖስ አውቀዋት "ነይ ነይ" ብለው ፎጣቸውን ሰብስበው ቦታ ስለሰጡን ነው፣ ዳቦ ቆሎ ሰጠናቸው፣ በለስ ሰጡን፣ ጥርስ ስለሌላቸው ዳቦ ቆሎውን ለልጅ ልጃቸው በመሃረብ ቋጠሩት። ፀሐይ እስክትጠልቅ ተቀመጥን። ማንም አልቸኮለም፣ እኔም።

ለመሄድ ያሰበ ሰው እንግዲህ፣ ትልቁን ዘገምተኛ መርከብ ይያዝ፣ በሳምንት ከሁለት ደሴት በላይ አያስብ፣ አውሮፕላኑ ከመነሳቱ ቢያንስ አንድ ቀን ቀድሞ አቴንስ ይመለስ፣ ለኦገስት 15 ከሆነ ደግሞ ትኬቱን ከብዙ ሳምንት በፊት ይግዛ። ፓስፖርታችሁን ያዙ፣ ትኬቱ በስም ነው።

አዲስ አበባ የገባሁት ማታ ነው፣ እናቴ አልተኛችም። የቲኖስን ጠበል በላስቲክ ጠርሙስ ሰጠኋት፣ ተቀባችው፣ ጠጣችው፣ ከዚያ "ባሕሩን አሳየኝ" አለች። ያቺን ቪዲዮ ከፈትኩላት፣ በሩ ሲወርድ፣ ብርሃኑ ሲገባ፣ ሰዉ ሲጋፋ። ባሕሩን አላየችውም። እቴቴ ነጠላዋን በእጇ ይዛ ከመወጣጫው ስትወርድ "አቁመው አቁመው" አለችኝ፣ አቆምኩላት፣ ስልኩን ተቀብላኝ ወደ ፊቷ አስጠግታ ብዙ ቆየች።

"ከስታለች" አለች። "ድገመው እስቲ።"